አንቱ የጎደለበት ደብዳቤ

በድርጅቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ሠራተኛው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «እትዬ ደብዳቤ» ነው የሚላት፤ ዘበኛውም፣ ጽዳቷም፣ የወርክሾፑ ሰዎችም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ፖስተኛው «ለእትዬ ደብዳቤ» ተብሎ የተጻፈ ፖስታ ይዞ ቢመጣ ዓይኗን ሳታሽ ፈርማ ተቀብላዋለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለችን ሴት «እሷ» እያሉ መተረክ ድፍረት ነው የሚል አንባቢ ካለ አልፈርድበትም። ብቻ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ድርጅቱ መራመድ ላልቻሉ ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳል፣ የተሰበረውንም ይጠግናል። የሚኖረው በሰው ደግነት ነው፤ ያ ደግነት እንዳይደርቅ የምትጠብቀው ደግሞ እሷ ነች። የሥራ መደቧ በወረቀት ላይ «የለጋሾች ግንኙነት ባለሙያ» ይላል። ሰው «ሥራዎ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቃት ግን መልሷ አጭር ነው።

«አመሰግናለሁ።»

«ኧረ ምን አደረግኩልዎ?»

«አይ፣ ሥራዬ ነው። አመሰግናለሁ።»

ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። በውስጡ የእያንዳንዱ ለጋሽ ካርድ ተደርድሯል። በካርዱ ቀኝ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከሦስት ቃላት አንዱ ይጻፋል፦ አንተ፣ አንቺ ወይም አንቱ። ሰው ስሙን ብትሳሳቺበት ይቅር ይልሻል፣ በዚህ ከተሳሳትሽ ግን ዕርቅ የለም ባይ ነች። ከዚያ በታች የሚጻፈው ሰውየው የሰጠው ነገር ሳይሆን የሰውየው ነገር ነው። የባለ ዳቦ ቤቷን ካርድ ብታዩ «አንቱ። የግራ ጉልበት። ድመቷን ጠይቂ» ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ድመቷ ሞታለች፤ አትጠይቂ» ይልና፣ ወረድ ብሎ ደግሞ «አዲስ ድመት፤ ጠይቂ» የሚል አለ። የመንትያዎቹ ካርድ «አንቺ እና አንቺ። ሁለት ፖስታ! በአንድ ከተላከ አንዷ ደብቃ ታስቀረዋለች» ይላል። የጎማ ነጋዴው ደግሞ «አንተ። ሲያመሰግኑት ይቆጣል፤ ቀልድ ይዞ መሄድ» ነው።

ለጋሽን አንድ ጊዜ ማግኘት ዕድል ነው፣ ማቆየት ግን ሥራ ነው ትላለች። ምስጋና ውስጥ ልመና አትሸጉጥም። «እናመሰግናለን፤ አሁንም እጅዎን ይዘርጉልን» የሚል ደብዳቤ ከሌላ ድርጅት ሲደርሳት፣ «ይሄስ የበላበትን ሳህን ሳያነሱለት ሌላ የሚጠይቅ እንግዳ ነው» ብላ ትስቃለች። እሷ የምትጽፈው የተሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ነው። «የሰጡን ወንበር ደህና ነው። ያቺ ልጅ በእሱ እየሄደች ትናንት ትምህርት ቤት አርፍዳ ተቀጣች፤ እንደ ማንኛውም ልጅ» ብላ ትጽፋለች። ይህን ያነበበ ሰው ለምን እንደሰጠ ይገባዋል፤ ሳይጠየቅም ይደግማል።

ከካርዶቹ ሁሉ አንዱ ለብቻው በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ ነበር። እሱ የዳኛው ነው። ዳኛው በሙያቸው አንቱ የተባሉ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ አንቱታው ያልቀነሰላቸው ሰው ናቸው። ወርክሾፑ ያለበት ሰፊ ቤት የእሳቸው ነው፤ ከአባታቸው የወረሱትን ቤት በየሦስት ዓመቱ ውል እያደሱ ድርጅቱ በነፃ እንዲሠራበት ፈቅደዋል። በካርዳቸው ጥግ ላይ ቀይዋ ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፋለች፦ «አንቱ። አንቱ። አንቱ።»

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የምስጋና ደብዳቤ ስትልክላቸው የመጣላት መልስ ይህ ነበር፦ «ደብዳቤዎ ደርሷል። በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።» ሌላ ቃል የለም። ሁለት ቀን ሙሉ እፍረት ፊቷን አቃጠላት። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ታያት፤ የሚያርም ሰው መልስ የሚጽፍ ሰው ነው። በሚቀጥለው ወር ጻፈችላቸው፤ ነጠላ ሰረዝ የሚያስፈልግበት ቦታ መርጣ፣ ሆን ብላ አንዷን አስቀረች። መልሱ በሳምንቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ትቀራለች፣ እሳቸውም በየወሩ ያገኟታል። በካርዱ ላይ «ነጠላ ሰረዝ፦ አንድ አስቀሪ» የሚል መመሪያ ተጽፏል። የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤታቸው ሲሞቱ የማጽናኛ ደብዳቤ ልትጽፍ ተቀምጣ ብዙ አመነታች። ሐዘን ላይ ባለ ሰው ይህን ጨዋታ መጫወት ነውር መሰላት። በኋላ ግን «እንዲያውም አሁን ነው የሚያርሙት ነገር የሚያስፈልጋቸው» አለችና ሦስት አስቀረች። ሦስቱንም አገኟቸው።

እንዲህ እያለ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከሳሙና ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል የመጣ፣ ልቡ ንጹሕ፣ እግሩም ምላሱም ፈጣን ሰው ነው። ለጋሾቹን «ደንበኞቻችን» ይላል፤ ካርቶኑን ደግሞ «ትልቁ አደጋችን» ይለዋል።

«እሳት ቢነሳስ፣ እትዬ?»

«ካርቶኑን ይዤ እወጣለሁ።»

«እርስዎ ባይኖሩስ?»

«እኔ ከሌለሁማ ይቃጠል።»

እሱ ግን በአንድ ቁልፍ አራት መቶ ደብዳቤ የሚያወጣ ሲስተም አስገባ። ካርዶቹም አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ፦ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። እትዬ ደብዳቤ ከጀርባው ቆማ ስታይ ቆየችና በጣቷ ቀይዋን ቃል ነካች።

«ይህችስ የት ትገባለች?»

«እሷን ሲስተሙ አያውቃትም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምኑን ሲስተም ሆነ!»

የተባለውም ሳይውል ሳያድር ደረሰ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሊወጣ በነበረበት ዕለት እትዬ ደብዳቤ ፈቃድ ወስዳ እናቷን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ይዛ ሄዳ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ወንበር ሞልቷል፣ የያዙት ቁጥር አርባ ሁለት ነው። አርባ አንድ ቁጥር ወጥቶ እናትና ልጅ ወደ በሩ ሲጠጉ ስልኳ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው።

«እትዬ ይቅርታ፣ ደብዳቤውን ልልክ ነው። ሲስተሙ ለሁሉም አንድ ዓይነት አጠራር ስጠኝ እያለ ነው። ምን ብዬ ልጥራቸው?»

«ለሁሉም አንድ? ኧረ እሱ እንዴት…»

ይህን ስትል አንድ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ ከየት መጣ ሳይባል እናቷን በክንዱ ገፋ አድርጎ በሩን ያዘ። እትዬ ደብዳቤ በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ደሟ ፈላ።

«አንተ!» አለች።

«አንተ?» አለ ሥራ አስኪያጁ በስልክ።

«አዎ፣ አንተ! ሌላ ማን አለ!» አለች፣ ለባለ ቦርሳው።

ባለ ቦርሳው ዘወር ብሎ፣ እሱ እዚህ ክሊኒክ የታወቀ ሰው መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። በስልኩ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «ትልልቆቹን ሰዎች ጭምር?» እያለ ይጠይቃል። እትዬ ደብዳቤ የሰማችው ባለ ቦርሳውን ብቻ ነው።

«ማንም ይሁን ማን!» ብላ ጮኸች። ባለ ቦርሳው ወደ ኋላ ተመለሰ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ መልሳ ስታደርገው ተዘግቷል፤ ነገ እስክገባ ይጠብቀኛል ብላ ተወችው።

እናቷ ክንዷን ይዘው ሲገቡ በኩራት ፈገግ አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ! ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ስጠብቅ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ስልኩን ዘግቶ በደስታ ተነሥቶ ተንጎራደደ። በቅርቡ አንድ ሥልጠና ላይ «ለጋሽን እንደ ጓደኛ ቅረበው» ሲባል ሰምቶ፣ ይህን ለእትዬ ደብዳቤ እንዴት አድርጌ ልንገራት እያለ ሲጨነቅ ነበር። ይኸው እሷው ራሷ ቀደመችው! «ማንም ይሁን ማን» አይደል ያለችው? ተቀመጠና በአንድ እስትንፋስ ጻፈው፦

«ሰላም ወዳጄ! እንዴት ነህ? አንተ ለእኛ ልዩ ነህ! ያለ አንተ አንድ እርምጃ አንራመድም። በዚህ ወር ብዙ ጊዜ አስበንሃል። እስኪ አንድ ቀን ብቅ በልና እንጫወት። ራስህን ጠብቅ። ይመችህ!»

ከግርጌው የእትዬ ደብዳቤን ፊርማ ከድሮ ወረቀት ላይ ቀድቶ ለጠፈበት። ቁልፉን ተጫነ፤ አራት መቶ አንተ ወደ አራት መቶ ቤት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ መጮህ ጀመረ። ቀዳሚዋ ባለ ዳቦ ቤቷ ነበሩ። «እህቴ፣ እኔ በእናንተ ዘንድ ወንድ ሆኜ ነው የተመዘገብኩት?» አሉ። ከዚያም ጨመሩበት፦ «እሺ እሱስ ይሁን፤ ድመቴን እንኳ ሳትጠይቁኝ!» አንድ ጡረተኛ መምህር «ከማንኛችሁ ጋር ነው አብረን ኳስ የተራገጥነው?» ብለው ጠየቁ። መንትያዎቹ በየተራ ደውለው፣ ደብዳቤው ለሌላዋ ታስቦ በስህተት ለእነሱ የደረሰ መሆኑን፣ ያችኛዋ ትንሽ ወንዳ ወንድ ስለሆነች ቃሉ ለእሷ ሊያስኬድ እንደሚችል አስረዱ። ጎማ ነጋዴው ብቻ «በመጨረሻ ሰው ሆናችሁ!» ብሎ ሳቀ።

የከፋው ግን የአንዲት ሴት ጥሪ ነበር። ድምፅዋ ቀጭንና የተረጋጋ ነው።

«ባለቤቴን ‹ብዙ ጊዜ አስበንሃል፣ ብቅ በልና እንጫወት› ብለሽ የጻፍሽለት አንቺ ነሽ?»

እትዬ ደብዳቤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተሽከርካሪ ወንበር ምን እንደሆነ ስታስረዳ ቆየች።

ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «‹አንተ› ይባሉ ያለህ ማነው?» ስትል፣ እሱ በሙሉ ልብ «እርስዎ!» አለ። ቃል በቃል ደገመላት። እትዬ ደብዳቤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ወረፋ የጣሰ ሰውዬ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። መጥፎ ሰው አይደለም አልኳችሁ። ለተቆጡት ሁሉ እሷ በእጇ ይቅርታ ስትጽፍ፣ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፖስታ ያሽግ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ ታረቁ፣ መምህሩም ታረቁ። ያልደወለ፣ ያልጻፈ፣ ያልተቆጣ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ዳኛው።

የወርክሾፑ ውል የሚያልቀው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ሌላ ጊዜ ዳኛው ውሉን ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈርመው፣ ከእነ እርማቱ ይልኩ ነበር። አሁን አሥር ቀን ቀርቶ ወሬ የለም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። የወርክሾፑ ኃላፊ ራሱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጫ ላይ ስለሚውል ሠራተኞቹ «ሾፌሩ» ይሉታል። እሱ ጎማ የሌላቸው፣ መደገፊያቸው የወለቀ ወንበሮች በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ እየተሽከረከረ ወደ እትዬ ደብዳቤ ቀረበ።

«እትዬ፣ ዳኛ ዝም ካለ ፈርዷል ማለት ነው። እኔስ ወንበሬ ከእኔ ጋር ነው፣ የትም እሄዳለሁ። የብየዳ ማሽኑን ማን ይገፋዋል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነጠላ ሰረዝ የሰፋችውን በአንዲት ቃል ቀደደችው። ቃሉን ደግሞ የጮኸችው ራሷ ናት፤ ማንን ትወቅሳለች? አራት ገጽ ይቅርታ ጻፈች። በእያንዳንዱ መስመር ቢያንስ አንድ «እርስዎ» አለበት፤ አንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት አለ።

«በአካል እንሂድ። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ብቻዎን አይሄዱም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ባዶ እጅ አይኬድም ብሎም የድርጅቱ ዓርማ ያለበት ኩባያ ያዘ።

ዳኛው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረቫታቸውም ታስሯል። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት፣ መጻሕፍት፣ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ አለ። ሦስት ወንበር ካለበት ጠረጴዛ ላይ ያ ደብዳቤ ተዘርግቷል። ሥራ አስኪያጁ ኩባያውን አጠገቡ አስቀመጠ። ዳኛው ኩባያውን እንደ ኤግዚቢት ገልበጥ አድርገው አዩትና መልሰው አኖሩት።

«ይህን ደብዳቤ የፈረመው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች እትዬ ደብዳቤ።

«የጻፈውስ?»

ሥራ አስኪያጁ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ያዘዘው?»

«ወረፋ የጣሰ ሰውዬ» አለች።

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አደረጉ። «እሱ ለምን አልቀረበም?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ኮሪደሩን፣ ቁጥር አርባ ሁለትን፣ የቆዳ ቦርሳውን፣ የስልኩን ነገር ሳታስቀር አወጣችው። «ማንም ይሁን ማን!» የምትለው ላይ ስትደርስ የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጠች፤ አመማቸው ብላ ልትነሳ ነበር። ሳቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ በር ሲከፈት እንደሚጮኸው ዓይነት ሳቅ ነው።

ትንሽ ጋብ ሲልላቸው ይቅርታውን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀረበችላቸው። ዳኛው ሳይከፍቱት በአንድ ጣታቸው ወደ እሷ መልሰው ገፉት።

«የፈራሁት ይህንኑ ነበር» አሉ።

«ምኑን ጌታዬ?»

«ይቅርታውን።» መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «ወንድሜ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ሁለት። ከሁለቱ ሌላ በዚህ ምድር ላይ አንተ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ልጆቼ አንቱ ይሉኛል፣ ሐኪሙ አንቱ ይለኛል፣ ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንቱ ይለኛል። ክብር ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ‹እንዴት ነህ› ያለኝ ሰው የለም። አንድ ጠዋት ፖስታ ስከፍት ‹እንዴት ነህ› ይላል።» ደብዳቤውን በመዳፋቸው አለሰለሱት። «ውስጡ አሥራ አንድ ስህተት አለ። አላረምኩትም።»

እትዬ ደብዳቤ ይቅርታዋን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሥራ አስኪያጁ ግን ፊቱ በራ። «እንዲህማ ከሆነ እሰየው! አየህ፣ እኔም እኮ ያሰብኩት…»

«አንቱ በል!» አሉ ዳኛው።

«እሺ ጌታዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ።

ዳኛው መሳቢያቸውን ስበው ውሉን አወጡ። ተፈርሟል፤ ቀኑ ያ ደብዳቤ የደረሳቸው ቀን ነው። ለምን እንዳልላኩት ስትጠይቃቸው እንደ ልጅ አቀረቀሩ። «ብልከው ደብዳቤው እንደደረሰኝ ታውቃላችሁ፤ ካወቃችሁ ደግሞ ታርሙታላችሁ። ዝም ብል በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፈውልኛል። ቤቱ የእናንተ ነው፤ በእሱ ላይ ቅድመ ሁኔታ አላስቀምጥም። ግን የሚቀጥለውን ደብዳቤ እንደዚህኛው ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ‹ይመችህ› የምትለዋ ብቻ ትቅር።»

«አልችልም ጌታዬ» አለች፤ እውነቷን ነው። «ምላሴ አይታዘዘኝም።»

«በምላስ ምን ያደርጉታል? የሚጽፉት በእጅ ነው።»

ውሉን ይዘው ሲመለሱ ሾፌሩ በግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ የእሱ ጭፈራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ዕለት ሲስተሙ ውስጥ አዲስ ዓምድ አስከፈተ፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ የሚሞላበት። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የእትዬ ደብዳቤ እጅ ብቻ እምቢ አለ።

በሳምንቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ «እንደምን ሰነበቱ» ብላ ትጽፍና ወረቀቱን ቀድዳ ትጥላለች፤ «እንደምን ሰነ…» ብላ ትጽፍና ደግሞ ትቀድደዋለች። እናቷ የታከመው ዓይናቸው ገና አላገገመም፤ በሌላኛው ሁሉን ያያሉ።

«አንቺ፣ ወረቀቱ ምን አደረገሽ?»

ነገረቻቸው። እናቷ አሰቡበት።

«ሊያገባሽ ነው?»

«እማዬ!»

«ጠየቅኩ እንጂ ምን አልኩ። ዳኛ ደህና ነው።» ከዚያ፣ ቀልዱ ከድምፃቸው ላይ ወርዶ፣ «አንቺንስ አንቺ የሚልሽ ማን አለ?» አሏት።

እትዬ ደብዳቤ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ታላቅ እህቷ ነበረች፣ ሞታለች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነበረች፣ ርቃ ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል። በሥራ ቦታ ዘበኛው እርስዎ ይላታል፣ ሾፌሩ እርስዎ ይላታል፣ ሥራ አስኪያጁ እርስዎ ይላታል። በቅርቡ አንቺ ያለቻት አንዲት ሴት ብትኖር፣ ባሌን ልትቀሚኝ ነው ብላ የደወለችው ናት።

«እርስዎ አሉልኝ» አለች።

«እኔማ አለሁ። ግን ሁልጊዜ አልኖርም፣ ልጄ። ጻፊለት።»

እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ «እሷ» ያልኳት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ቢጨመርላት ብዬ።

ከዚያ ተቀምጣ ጻፈች። እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ለብቻው ሣለችው። «እንደምን ሰነበትክ? የሰጠኸን ቤት ደህና ነው። ሾፌሩ ውሉን ሲያይ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ያቺ የነገርኩህ ልጅ፣ ትምህርት ቤት አርፍዳ የተቀጣችው፣ አሁን ደግሞ በወንበሯ እሽቅድምድም ጀምራ የጎማ ጥገና አብዝታብናለች። የእናቴ ዓይን እየዳነ ነው። ብርዱ ከፍቷልና ከቤት ስትወጣ ደርብ።» ሁለተኛ ብታነበው እንደምትቀድደው ስላወቀች ሳታነብ አሸገችው። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሄዳ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣለችው።

መልሱ በአሥራ አንድ ቀን መጣ፤ ከወትሮው ዘግይቷል። ቢሮዋን ዘግታ፣ እንደ ቆመች ፖስታውን ቀደደች።

«ደብዳቤሽ ደርሷል። ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ ነጠላ ሰረዝ አልጎደለበትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማስቀረቱን ስትረሺ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። ምናልባት አሞሽ ይሆን ብዬ ስሰጋ ሰነበትኩ። እንደምን ነሽ?»

እትዬ ደብዳቤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ለካ ሽማግሌው ያውቁ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ካርዱን ከላስቲኩ ፈትታ ሦስቱን ቀይ ቃላት በአንድ መስመር ሰረዘቻቸውና ከሥራቸው አንዲት ቃል ጻፈች። ከዚያ እንደገና የመጨረሻዋን መስመር አነበበች፤ ባዶው ክፍል ውስጥ ሰው ይሰማኛል ሳትል አፏን ከፈተች።

«ደህና ነኝ» አለች። «አንተስ?»

ምላሷ ታዘዘላት።